ስድስተኛው ጎረቤት

ብሩክታዊት ዛሬም በሕይወት አለች። ንፋስ መውጫ ብትሄዱ ታገኟታላችሁ።

ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። «እሱን እንዲህ አትበል፣ እንዲህ ነው የሆነው» እያለች አርማኛለች። ስለዚህ ያላየችውን አልጨመርኩም፤ ያየችውንም አልቀነስኩም።

ደግሞ ሌሊት የሆነ ነገር አይደለም።

ባለፈው ክረምት፣ ሐምሌ ሃያ አምስት ቀን፣ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ነው። ስማዳ ውስጥ፣ ሰንበሌጥ አምባ በሚሉት ገደላማ አምባ አናት ላይ።

ብሩክታዊት ሃያ ሰባት ዓመቷ ነው። ሥራዋ ስልክ የማይሠራባቸውን ጤና ኬላዎች በሬዲዮ ሳጥን ማገናኘት ነበር። ከጋይንት ደጋ ተነሥቶ እስከ ስማዳ ድረስ አምስት ሳጥኖች ከአምባ ወደ አምባ ተሰቅለዋል። አምስቱንም በእጇ የሰቀለቻቸው እሷ ናት።

ሳጥኖቹ እንዴት እንደሚተዋወቁ ልንገራችሁ፤ ካልነገርኳችሁ የቀረው አይገባችሁም።

ሳጥኖቹ አለቃ የላቸውም። እያንዳንዱ በየዐሥር ሰከንዱ ይጣራል። «እኔ አምስት ነኝ። የምሰማው አራትን ነው» ይላል። አራት በዚያ ጥሪ ውስጥ የራሱን ስም ሲያገኝ፣ ለካ እሱም ይሰማኛል ብሎ ይመዘግበዋል። ያን ጊዜ ጎረቤት ይሆናሉ። መልእክት ይቀባበላሉ።

አንዱ አራት ጊዜ በተከታታይ ዝም ካለ ግን ጎረቤቱ ከዝርዝሩ ይሰርዘዋል። እንዳልነበረ ይቆጥረዋል።

በቃ፤ ይኸው ነው። መጣራት፣ መስማት፣ ዝም ያለን መርሳት።

ብሩክታዊት በእጇ የምትይዘው መፈተሻም እንደ ሳጥኖቹ ይጣራል። በራሷ ስም ሰይማዋለች። እየጠገነችው ያለውን ሳጥን ግን ከዝርዝሩ ያወጣዋል፤ የሩቆቹን ብቻ ነው የሚያሳያት።

የዚያን ቀን አምስተኛው ሳጥን ዝም ካለ ሦስት ቀን ሆኖት ነበር። ልትጠግነው ወጣች። የወሰዷት ጋሽ አድማሱ ናቸው፤ ሳጥኑን የሚጠብቁ የሃምሳ አምስት ዓመት ሰው፣ አምባውን እንደ ጓሯቸው የሚያውቁ።

ሳጥኑ ከረጅም ብረት ላይ ነው የተሰቀለው። ባትሪው ከሥሩ ባለች የድንጋይ ጎጆ ውስጥ ነው። ጎጆዋ መስኮት የላትም። ጣሪያዋ ቆርቆሮ፣ በሯም ቆርቆሮ ነው። ሁለት ሰው ከገባባት ሦስተኛ አትችልም።

ሽቦውን አይጥ በልቶት ኖሯል። ቀጠለችው። የሳጥኑ መብራት በራ።

«ተመስገን!» አሉ ጋሽ አድማሱ። «እንግዲህ ጉሙ ሳይዘጋን እንውረድ። እኔ ቀድሜ መንገዱን ልየው።»

ወጡ።

ብሩክታዊት ዕቃዋን እየሰበሰበች ሳለ አንድ ድምፅ ሰማች። ትልቅ ጨርቅ የሚቀደድ ይመስል ነበር... ረጅም... ከዚያ ጸጥ።

ሮጣ ወጣች። ጉሙ አምባውን ውጦታል። ክንዷን ስትዘረጋ ጣቶቿን አታይም።

«ጋሽ አድማሱ!»

...

«ጋሽ አድማሱ!!»

«እዚህ ነኝ... ልጄ፣ ቀስ በይ... መንገዱ የለም።»

እውነትም መንገዱ አልነበረም። ወደ አምባው የሚያስወጣው የምሥራቁ ቀጭን መተላለፊያ ተንዶ ገደል ገብቷል። ጋሽ አድማሱ ከጠርዙ ሥር አንድ ድንጋይ ላይ ተንጠልጥለው ቀርተዋል። ግራ እግራቸው ከጉልበቱ በታች ወዳልተፈጠረበት አቅጣጫ ዞሯል።

እንዴት እንዳወጣቻቸው ዛሬም አታውቅም። በጋቢያቸው ጎተተቻቸው። ጎጆዋ ውስጥ አስገብታ እግራቸውን በሻርፗ አሰረችው። ደሙ ሻርፑን አልፎ መጣ።

«ሌላ መውረጃ የለም?» አለቻቸው።

«በምዕራብ በኩል የፍየል መንገድ አለ። ብቻሽን አትችይውም። በዚህ ጉም ደግሞ... እኔም አልሞክረው።»

የአምባው ዙሪያ ገደል ነው። ስልኳ እዚያ አይሠራም። የቀራት መፈተሻው ብቻ ነበር።

ባትሪው እንዳያልቅ ብላ እንዲሰማ ብቻ፣ እንዳይጣራ አድርጋ ከፈተችው።

አራት የለም። ጉምና ዝናብ ሲከብድ ሳጥኖቹ እንደዚያ ይጠፋፋሉ፤ ታውቀዋለች።

ግን ዝርዝሩ ባዶ አልነበረም።

«እኔ 6 ነኝ። የምሰማው፦ ማንም የለም።»

አየችው። ዐይኗን ጠርጋ ደግማ አየችው።

ስድስት የሚባል ሳጥን የለም። የተገዙት አምስት ናቸው።

ዐሥር ሰከንድ።

«እኔ 6 ነኝ። የምሰማው፦ ማንም የለም።»

አጠገቡ የርቀት ቁጥሩ አለ። ቁጥሩ ሲበዛ ሩቅ ነው፣ ሲያንስ ቅርብ። ዘጠና አንድ ይላል። በጣም ሩቅ፤ ላለመሰማት ጥቂት የቀረው።

«ምንድን ነው?» አሉ ጋሽ አድማሱ።

«የማላውቀው ሳጥን ነው። ምናልባት ቢሮው ሳይነግረኝ ሰቅሎ ይሆናል።»

«ሰው አለበት?»

«ሰውማ አይኖርበትም። ግን መልእክታችንን ሊያሻግርልን ይችላል።»

ጋሽ አድማሱ ከንፈራቸው ነጥቷል። ሻርፑ ጠቁሯል። ብሩክታዊት ሌላ አላሰበችም። መጣሪያውን ተጫነችው።

ዐሥር ሰከንድ ቆጠረች።

«እኔ 6 ነኝ። የምሰማው፦ ብሩክታዊት።»

ስሟን ደግማ አነበበችው። ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ አላወቀችም። ሥራው እኮ እንደዚያ ነው፤ ሳጥን ሲጣሩ ይሰማል፣ ይመዘግባል። ሺህ ጊዜ አይታዋለች።

ንፋስ መውጫ ቢሮ ውስጥ ለምትጠብቃት የሥራ ጓደኛዋ ለዮርዳኖስ ጻፈች።

«ለዮርዲ፣ በ4 በኩል። ብሩክታዊት ነኝ። ጋሽ አድማሱ ወድቀው እግራቸው ተሰብሯል። ቤቱ ውስጥ ነን። ሰዎች ይምጡ። ሰማሽኝ?»

ላከችው።

«እኔ 6 ነኝ። የምሰማው፦ ብሩክታዊት። 4።»

«አራትን አገኘው!» ብላ ጮኸች። «አገኘው፣ ጋሽ አድማሱ! ንፋስ መውጫ ይደርሳል!»

ሽማግሌው አማተቡ።

ዐሥር ሰከንድ። መልስ መጣ። መፈተሻው መልእክቱን ያቀበለውን ጎረቤት እንጂ ጸሐፊውን አያሳይም። 6 ይላል።

«ሰማሽኝ።»

ዮርዲ ቸኩላ ተሳስታ ነው አለች በልቧ። ሰማሁሽ ማለቷ ነው።

«አዎ ሰማሁሽ! መንገዱ ተንዷል። በምዕራብ በኩል ይምጡ። በሩን ሲያንኳኩ እከፍታለሁ። ፍጠኑ፣ ደም እየፈሰሳቸው ነው።»

ዐሥር ሰከንድ።

«ሰዎች ይምጡ። በምዕራብ በኩል።»

«እየመጡ ነው!» አለች። በደስታ ዕንባዋ መጣ። ጀርባዋን ለቆርቆሮው በር ሰጥታ ቁጭ አለች። ጋሽ አድማሱ ከጎኗ፣ ራሳቸውን ወደ በሩ አድርገው፣ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጋደም ብለዋል።

ጻፈች።

«ስንት ናቸው? ቃሬዛ ይዘዋል?»

«ቤቱ ውስጥ ስንት?»

ግራ ገባት።

«ሁለት ነን እንጂ ሌላ ማን አለ? የት ደረሱ?»

«ሁለት።»

የርቀት ቁጥሩን ያየችው ያን ጊዜ ነው።

ሰባ።

ቅድም ዘጠና አንድ አልነበረም?

ጉሙ ሳስቶ ይሆናል ብላ በበሩ ቀዳዳ አጮለቀች። አልሳሳም። ነጭ ግድግዳ ነው።

ስልሳ ሦስት።

ሃምሳ ስምንት።

«ጋሽ አድማሱ...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ሳጥን ይሄዳል?»

«ምን ማለትሽ ነው ልጄ?»

«አንድ ቦታ የተሰቀለ ሳጥን... ይሄዳል ወይ?»

ሽማግሌው አላሾፉም።

«ምን ነበር የሚለው መጀመሪያ?»

«ማንንም አልሰማም ነበር የሚለው።»

«አሁንስ?»

አዲስ መልእክት ገብቷል።

«በሩን ሲያንኳኩ እከፍታለሁ።»

ይህን ያለችው እሷ ናት። እከፍታለሁ ያለችው እሷ ናት።

መልእክቶቹን ወደ ኋላ እየገፋች አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ሰማሽኝ፤ የእሷ ቃል ነው። በምዕራብ በኩል፤ የእሷ ነው። ቤቱ ውስጥ፤ የእሷ። ስንት፤ የእሷ። አራት የምትለዋን ቁጥር እንኳ «በ4 በኩል» ብላ ያስተማረችው እሷ ናት።

ከመጣው መልስ ሁሉ እሷ ያልጻፈችው አንድ ቃል የለም።

ደግሞ ዮርዲ በሕይወቷ «ብሩክዬ» ሳትል መልእክት ጽፋ አታውቅም።

አርባ አራት።

«ደም እየፈሰሳቸው ነው። ፍጠኑ።»

«አጥፊው» አሉ ጋሽ አድማሱ። ሳያነቡ ገብቷቸዋል። «አጥፊው ልጄ!»

ጣቷን ማጥፊያው ላይ አደረገች።

ልክ በዚያች ቅጽበት ከሰሜን አንድ ነፋስ መጣ። ቆርቆሮው ተንጫጫ። ዝርዝሩ ላይ አንድ መስመር ተጨመረ።

«እኔ 4 ነኝ። የምሰማው፦ 3። 5። ብሩክታዊት።»

ወዲያው መልእክት ገባ።

«ብሩክዬ!!! ምነው ጠፋሽ? ከጠዋት ጀምሮ አንድም መልእክት አልደረሰኝም እኮ! ልቤ ነው የጠፋው!»

ብሩክታዊት አፏን በመዳፏ ያዘች።

አንድም መልእክት። ታዲያ ማን ነው ሲመልስላት የቆየው? ማን ነው በምዕራብ በኩል የሚመጣው?

«አጥፊው አልኩሽ!»

«ካጠፋሁት እርስዎ ይሞታሉ!» አለች በሹክሹክታ። «መውደቅዎን ማንም አያውቅም። አንዴ ብቻ... አንዴ ልጻፍላት።»

ጻፈች። ላክ የሚለውን ልትጫን ስትል መፈተሻው በማን በኩል እንደሚልከው አየች። 6። የቀረበውን ጎረቤት ነው በራሱ የሚመርጠው፤ አሠራሩ ነው። ከስድስት የቀረበ ደግሞ አልነበረም። ሠላሳ ሦስት።

ስድስትን አነሣች። አራትን አስገባች። ሁለት ጊዜ ተሳሳተች። በሦስተኛው ሄደ።

አሁን መጠበቅ ነው። መልሱ እስኪመጣ መፈተሻው መጣራት አለበት። በየዐሥር ሰከንዱ፦ ብሩክታዊት ነኝ፣ እዚህ ነኝ።

ብሩክታዊት ነኝ፣ እዚህ ነኝ።

ሃያ ዘጠኝ።

«ልጄ... ስለ እመቤታችን...»

«ትንሽ ብቻ። ትንሽ።»

ሃያ አራት።

ሳሩ ላይ አንድ ነገር ሲሄድ ሰማች። የሰው ርምጃ አይመስልም፤ የእንስሳም አይመስልም። አንዴ ይረግጣል... ይቆማል። ዐሥር ሰከንድ ይቆያል። ደግሞ አንዴ ይረግጣል።

በእያንዳንዱ ጥሪዋ አንድ ርምጃ።

የዮርዲ መልስ መጣ።

«ደረሰኝ ብሩክዬ። ለታች ጤና ኬላው ነግሬያለሁ። መሪጌታ የሻው ጎረምሶች ሰብስበው በፍየል መንገድ እየተነሡ ነው። ሦስት ሰዓት ይፈጅባቸዋል። አይዞሽ እታለም።»

እታለም። ጎረምሶች። ጤና ኬላ። አንዱንም አልጻፈችላትም ነበር። እውነተኛዋ ዮርዲ ናት።

መፈተሻውን አጠፋችው። የሳጥኑን ሽቦም ከባትሪው ነቀለችው።

ጎጆዋ ጨለመች። ከበሩ ሥር በሚገባው ቀጭን ብርሃን የጋሽ አድማሱን ፊት ብቻ ታያለች።

«አርባ ሰከንድ» አለች በጆሯቸው። «አራት ጊዜ ዝም ካልነው ይረሳናል። ትንፍሽ እንዳይሉ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ።

ከበሩ ሥር የሚገባው ብርሃን ግማሹ ጠፋ።

ኳ።

አንድ ጊዜ ብቻ። በጀርባዋ ትክክል። የቆርቆሮው ንዝረት አጥንቷ ድረስ ገባ።

አንድ... ሁለት... ሦስት... በልቧ ትቆጥራለች።

ዐሥር።

ኳ።

ጋሽ አድማሱ ዐይናቸውን ጨፍነዋል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ ድምፅ የለውም።

ዐሥር።

ኳ።

የሽማግሌው እግር በራሱ ዘለለ። ስቃዩ ፊታቸውን ጨማደደው። አፋቸው ተከፈተ... ብሩክታዊት የጋቢያቸውን ጫፍ አፋቸው ውስጥ ከተተች። ነከሱት። በመዳፏ ደግሞ ከላይ ተጫነችው። ጩኸቱ በእጇ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ተሰማት። ወደ ውጭ ግን አልወጣም።

ሰባት... ስምንት... ዘጠኝ...

ኳ።

አራተኛው ነው።

ዐሥር ቆጠረች።

ሃያ ቆጠረች።

መቶ ቆጠረች።

ምንም።

ብርሃኑ ከበሩ ሥር ተመልሶ ገባ ወይስ አልገባም? ልታየው አልደፈረችም። ዐይኗን ጨፍና ነበር።

ከዚያ በኋላ ሦስቱ ሰዓት እንዴት እንዳለፈ ልትነግረኝ ስትሞክር ታለቅሳለች። በሩ ከውስጥ መቀርቀሪያ የለውም። ጀርባዋ ነው መቀርቀሪያው። እግሯ ደነዘዘ፤ አላንቀሳቀሰችውም። ሳል ያዛት፤ ዋጠችው። ጋሽ አድማሱ አንዴ ይነቃሉ፣ አንዴ ይጠፋሉ። በነቁ ቁጥር እጇን ያዝ አድርገው ይለቃሉ፤ አለሁ ለማለት ነው። እሷም መልሳ ትጨብጣቸዋለች።

ወደ ዐሥር ሰዓት ግድም ድምፅ ሰማች።

«ልጄ! በሩን ክፈቺ! መሪጌታ የሻው ነኝ!»

አልተንቀሳቀሰችም። በር፣ እከፍታለሁ... እነዚህን ቃላት አስተምራዋለች።

ጋሽ አድማሱ ዐይናቸውን ገለጡ። «ድምፁ የእሳቸው ነው» አሉ በትንፋሽ ብቻ።

አሁንም አልተንቀሳቀሰችም።

«ምነው ዝም አሉ? ሞተዋል እንዴ?» አለ አንድ ጎረምሳ።

«አፍህን ዝጋ አንተ! ምን ታሟርታለህ?»

«ባይሞቱማ...»

«ዝናቡ መጣ እኮ! ገንጥሉት በሩን!»

«ቆይ እንጂ ቃሬዛውን ያዝልኝ፣ ክንዴ ተቆረጠ!»

«ዝም በሉ! ሁላችሁም ዝም በሉ!» አሉ መሪጌታ።

አንዱ የሌላውን አፍ እየነጠቀ ይጯጯኻል። ዐሥር ሰከንድ ቀርቶ አንዲት ሰከንድ የሚታገሥ የለም።

ብሩክታዊት ሳቋ መጣ። እየሳቀች፣ እያለቀሰች ከበሩ ተነሣች።

ጋሽ አድማሱን በቃሬዛ አወረዷቸው። ሁለት ወር ደብረ ታቦር ተኝተው እግራቸው ተረፈ፤ ዛሬ በከዘራ ይሄዳሉ። ሳጥኑን ሌላ ሰው ነው ያወረደው። ብሩክታዊት ከዚያ ወዲህ ቢሮ ውስጥ እንጂ አምባ ላይ አትሠራም። ስድስት የሚባል ሳጥን ተሰቅሎ እንደሆነ አለቆቿን ጠይቃለች። አልተሰቀለም።

እዚህ ላይ ልጨርሰው ነበር። እሷ ግን «በሩን ጻፈው» አለችኝ።

የዚያን ቀን ሰዎቹ ቃሬዛውን አንሥተው ሲሄዱ ብሩክታዊት ከኋላ ቀርታ በሩን ልትዘጋው ዞረች። በውጭ በኩል፣ ዝናብ በማይደርስበት በክፈፉ ሥር፣ ቆርቆሮው ላይ የጭቃ ቅርጽ ታትሟል።

ጆሮ ነው።

የሰው ጆሮ የመሰለ፣ ግን ከመዳፏ የሚበልጥ። እሷ ጭንቅላቷን አስደግፋ ሦስት ሰዓት በተቀመጠችበት ከፍታ ላይ፣ ልክ በትክክሉ።

ዝቅ ብላ አየች። ከመሬቱ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ የጋሽ አድማሱ ራስ በነበረበት በኩል፣ ሌላ አለ።

አንኳኪው ዝም ካለ ሦስት ሰዓት አልፎታል።

በጣቷ ነካችው።

ጭቃው ገና ይሞቃል።